ክረምቱን የቻለ ዋይፐር በበጋ ሲንጫጫ

ለኮሮላዬ ይህን ዋይፐር የገዛሁት ሰኔ ላይ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። የብረት ክፈፍ የሌለው፣ ጠፍጣፋው ዓይነት። ሻጩ «ሁለት ዓመት አትመለስም» ብሎኝ ነበር። አሁን መጋቢት ነው፤ ዘጠኝ ወሩ።

ክረምቱን ሙሉ አላሳፈረኝም። ሐምሌ ላይ ያ የአዲስ አበባ ዶፍ ሲለቀው እንኳ ሁለቴ ጠረግ ሲያደርግ የፊቴ ሚኒባስ ታርጋ ይነበብ ነበር። ያኔ ብጠየቅ ከአምስት አምስት እሰጠው ነበር።

ጣጣው የመጣው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። ኅዳር ላይ የማለዳ ጤዛ ልጠርግ ስከፍተው «ጠጠጠጠ» እያለ ይዘላል። ጎማው አለቀ ብዬ ሌላ ልገዛ ስል መካኒኬ «ጎማውማ ደህና ነው፤ ክንዱ ነው የተጠማዘዘው» አለኝ። የጎማው ከንፈር ቀጭን ነው። ወደ ላይ ሲሄድ ወደ ታች ይተኛል፣ ሲመለስ ይገለበጣል። ክንዱ ከተጣመመ መገልበጥ ያቅተውና መስታወቱን እየቧጠጠ ይዘላል። ማን አጣመመው? ላቫጆ እያነሱ ሲለቁት ይመስለኛል። መካኒኬ በፒንሳ ቀስ አድርጎ አቃናው፤ ጸጥ አለ።

አቧራው ደግሞ ሌላ ነው። በደረቁ መጥረግ መስታወቱን በብርጭቆ ወረቀት እንደማሸት ነው፤ ውሃ መቅደም አለበት። ጥር ላይ የመስታወት ውሃ መርጫውን ስጎትት ከኮፈኑ ስር ዝዝዝ ይላል፣ ጠብታ ግን የለም። ድምፅ ካለ ፓምፑ ይሠራል ማለት ነው፤ ወይ ውሃ አልቋል፣ ወይ ቱቦው ወልቋል፣ ወይ ውሃ የሚረጨው ቀዳዳ ተደፍኗል። ድምፅ ከሌለ ከፊውዝ ጀምሩ። የኔ ቀዳዳው ነበር። በመርፌ ስነካካው ነጭ ፍርፋሪ ወጣ። የቧንቧ ውሃ ብቻ እንዳልል፣ የልብስ ዱቄት ሳሙና የጨመርኩበት እኔው ነኝ።

ትናንት ጥፍሬን በጎማው ጠርዝ ላይ አስኬድኩት። ሦስት ቦታ ተሰነጣጥቋል፣ በጨርቅ ሲያሹትም ጥቁር ይለቃል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ስለማቆመው ነው። በሾፌሩ በኩል ያለው አሁን ቀጭን የውሃ መስመር ይተዋል፣ ያውም ልክ ዓይኔ ትይዩ። ጓደኛዬ ቤንዚን ቀባው ይለኛል። ቤንዚን ጎማ ያሳብጣል፣ አልሞክረውም።

ከአምስት ሦስት ተኩል። ለሰኔ ያንኑ ዓይነት እገዛለሁ፤ የሁለት ዓመቱን ወሬ ግን አልሰማም።