ብቻን መሥራት ወይስ ከረዳት ጋር?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንጨት የምሠራው አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን ነው። ለመለካት፣ ለመላግ፣ ለማጋጠም ብቻን እንደመሥራት ያለ የለም። የዋንዛው ክር አቅጣጫ ሲቀይር እጅህ ያውቀዋል፤ ወሬ ካለ ያመልጥሃል።

ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከእንጨት ቃጫ ተጨምቆ የሚሠራው ሰፊ ጣውላ፣ ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነው ባለ 18 ሚሊሜትሩ 40 ኪሎ ይጠጋል፤ እሱን ብቻህን ወደ ማሽኑ ስትገፋ ዓይንህ መጋዙን ትቶ ሊወድቅ ያለውን ጫፍ ያያል፣ አደጋው እዚያ ነው። ረዳቱ ደግሞ ይደግፍ እንጂ አይጎትት! ከጎተተ መጋዙ ይነከስና እንጨቱ ወደ አንተ ይወረወራል። ሥራው ሳይጀመር ንገረው።

ቁምሳጥን ሲገጣጠምም ኮላው ሳይደርቅ ሁለት ሰው ይሻላል። በር መስቀልም እንደዚያው። እኔ ረዳት የምጠራው ለእነዚህ ቀናት ነው፣ የቀን ሒሳቡን ሳላጓድል።