የብሪቲሽ ሙዚየም ክፍል 56፦ ሱመርን በቅርበት

ለንደን የሚገኘው የሜሶፖታሚያ (የዛሬዋ ኢራቅ አካባቢ) ክፍል መግቢያው ነፃ ነው። ጊዜ ካጠራችሁ በቀጥታ ወደ «የኡር ዓርማ» ሂዱ። 50 ሳንቲሜትር ገደማ የምትረዝም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ግድም የተሠራች፣ በደቡብ ሜሶፖታሚያ ከነበረችው የሱመር ከተማ ከኡር የተገኘች፣ በአንድ ገጿ ጦርነት በሌላው ሰላም የተሣለባት ሳጥን መሰል የእንጨት ሥራ ናት። ሥዕሉ ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበበው፤ ከላይ የጀመረ ሰው ታሪኩ ይገለበጥበታል። በሰላሙ ገጽ ታች ሸክም ያጎበጣቸው ሰዎች፣ መሃል ላይ በሬ፣ በግና ዓሣ የሚያቀርቡ፣ ከላይ ደግሞ ጽዋ የጨበጡ ሹማምንት አሉ። ንጉሡን ከሁሉም ገዝፎ ታገኙታላችሁ። የበሬ ራስ ያለውን በገና የያዘውን ደርዳሪ እንዳታልፉት! ሰማያዊው ድንጋይ ከአፍጋኒስታን የመጣ ላፒስ ላዙሊ ነው። እንጨቱ በስብሶ ስለተገኘ የሳጥኑ ቅርጽ የጠጋኞች ግምት ነው። ቅር የሚለው፣ ከኡር መቃብሮች የወጣው ወርቅ ዓይን ስለሚስብ የተራው ሰው ኑሮ የሰፈረባቸው ጥቃቅን የሸክላ ጽላቶች ይዘነጋሉ።