ሚኒሞ አልወርድ ላለ የቤንዚን ሃይሉክስ፦ ምስጋናና ጥቆማ

በተክለሃይማኖትና በሶማሌ ተራ መሃል ባለች አነስተኛ ጋራዥ የሚሠሩትን አንጋፋ መካኒክ ከልብ አመሰግናለሁ። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጻፍኩትም፤ የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ አድራሻቸውን እሰጣለሁ።

መኪናው ባለ 22 አር ኢ (ቤንዚን በኮምፒውተር የሚረጭ) ሞተር የድሮ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሚኒሞው፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት፣ በደቂቃ 750 ዙር አካባቢ መርጋት ሲገባው 1,500 ላይ ተሰቅሎ ይቀር ነበር። ችግሩ ቤንዚን መጨረሱ ብቻ አይደለም። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ቁልቁል ሲወረድ እግር ከቤንዚን ላይ ቢነሳም ሞተሩ መኪናውን ስለሚገፋ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለ መኪና ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ካቻቢቴ አንስቶ የሚኒሞውን ቪቴ ማዞር ነው። እኚህ ሰው ቪቴውን የነኩት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ያደረጉት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ማየት ነበር። በዚህ ሞተር ላይ ከትሮትል ቦዲው (ቤንዚን ሲረገጥ ተከፍቶ አየር የሚያስገባው ክዳን ያለበት ክፍል) ሥር ተጨማሪ አየር የሚያሳልፍ ቫልቭ አለ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በጎን አየር እየሰጠ ዙሩን ከፍ ያደርጋል፤ ሙቅ ውሃ ሲደርሰው በውስጡ ያለው ሰም ይለጠጥና ይዘጋል። ውሃ ከጎደለ ወይም መስመሩ አየር ከቋጠረ ግን ሙቀቱ አይደርሰውም፤ ሞተሩ ሞቆም ቫልቩ ክፍት ይቀራል። እውነትም ውሃው ጎድሎ ነበር፤ ወደ ቫልቩ የምትሄደው ቀጭን የጎማ ቱቦ ጫፏ ላይ ተሰንጥቃ በዝግታ ታንጠባጥብ ነበር። ቱቦዋን ከነፋሸታዋ (ማሰሪያዋ) ቀየሩ። የመኪናውን ፊት ወደ ዳገት አዙረው፣ የጋቢናውን ማሞቂያ ከፍተው፣ አረፋው እስኪያልቅ ድረስ ውሃ ሞሉ። ሲሞቅ የቫልቩን የአየር ቱቦ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ጨበጡት፤ ዙሩ አልተለወጠም፣ ስለዚህ ቫልቩ ዘግቷል። ዙሩም ወደ 1,100 ወረደ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቪቴ አዙሮ ይጨርሳል። እሳቸው ግን ቀሪው አየር በየት እንደሚገባ ፈለጉ። ዙሩ ከፍ ብሎ ከረጋ አየሩ የሚገባው ለኮምፒውተሩ መጠኑን በሚነግረው የአየር መለኪያ በኩል አልፎ ነው፤ በመለኪያውና በሞተሩ መሃል በተቀደደ ጎማ ከገባ ኮምፒውተሩ ስለማያውቀው ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል ወይም ከፍ ዝቅ ይላል። ለማረጋገጥ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈቱ። ጤነኛ 22 አር ኢ ያን ጊዜ ወዲያው ይንገዳገዳል፤ ምንም ካልተሰማው ሌላ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ይኼኛው ተንገዳገደ። አየር ወደ ሞተሩ የሚያከፋፍለውን የማኒፎልድ ጋርኒሲዮን (መጋጠሚያው ላይ ያለውን ማሸጊያ) ዙሪያ የፈተሹት ደግሞ ውሃ እየረጩ ነው፤ በሞቀ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ስለሆነ በሳቸው ጋራዥ ክልክል ነው።

ጥፋቱ የተገኘው ትሮትሉ ላይ ነው። ከዚህ በፊት የትሮትሉ ማቆሚያ ቪቴ ተነክቶ ስለነበር ክዳኑ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ይህ ቪቴ የሚኒሞ ማስተካከያ አይደለም፣ መነካትም የለበትም። ወደ ቦታው መለሱት፣ በካርቦን የጠቆረውን ክዳን አጸዱ፣ የቤንዚን መስጫው ገመድ ትንሽ ልል መሆኑን አዩ። ከዚያ የትሮትሉን ሴንሰር በቴስተር አስተካከሉ፦ በቪቴውና በማንሻው መሃል 0.57 ሚሊሜትር ላሜራ ሲገባ የአይ ዲ ኤል መስመር (ትሮትሉ መዘጋቱን ለኮምፒውተሩ የሚናገረው) መገናኘት፣ 0.85 ሲገባ መቋረጥ አለበት። በመፈተሻ ሶኬቱ ላይ ያሉትን ቲ እና ኢ 1 በሽቦ አገናኝተው ታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) 5 ዲግሪ ላይ መሆኑን አረጋገጡ። የሚኒሞው ቪቴ የተነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ዙሩ 750 ላይ ረጋ።

አንድ ነገር በተለይ ላመስግንላቸው። በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን የሞተሩን የመሳብ ኃይል የሚለካው ቫኪዩም ጌጅ 12 ኢንች (የሜርኩሪ) አካባቢ ሲያሳይ አልደነገጡም። መጽሐፉ ከ17 እስከ 21 የሚለው ለባሕር ጠለል ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ንባቡ በ7 ኢንች ገደማ ይወርዳል። መርፌው እስከረጋ ድረስ ጤና ነው። ይህን ያልተረዳ መካኒክ ያለ ጥፋቱ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛው ክፍል) ሊያስወርድ ይችላል።

መኪና የምትወስዱላቸው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሂዱ፤ አሳድራችሁ ብትሰጧቸው ደግሞ ይመርጣሉ። ካርቡሬተር ያለውን 22 አርም ይሠራሉ፤ እዚያ መጀመሪያ የሚያዩት ቾኩ ሲሞቅ መከፈቱን ነው። ናፍጣ ከሆነ ግን ሚኒሞው የሚስተካከለው ናፍጣ በሚገፋው ፖምፓ ላይ ስለሆነ ራሳቸው ወደ ፖምፓ ሠራተኛ ይልኳችኋል። ዕቃ ሲያስፈልግ አሮጌውን በእጃችሁ ሰጥተው ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ራሳችሁ እንድትገዙ ያደርጋሉ።