አዳማ ውስጥ መኪናዬን አምኜ የምሰጣቸው መካኒክ

አዳማ ውስጥ ስፖርት መኪና የምትነዱ ወይም ለቆየች መኪናችሁ የምትሳሱ ካላችሁ፣ ይህን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ ጋራዥ አለች። ባለቤቱን ደንበኞቻቸው ሁሉ ጋሼ ነው የምንላቸው። የቶዮታ ሴሊካዬን የፊት ስትራት ባር አብረውኝ መርጠው፣ በገዛ እጃቸው ገጥመው አስረክበውኛል። እዚያው በቃል ብቻ አመስግኛቸው መሄድ አልሆነልኝም።

ስትራት ባር ምን እንደሆነ ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ኮፈኑን ስትከፍቱ የፊት ሾኮቹ ጫፍ የታሰረባቸው ሁለት ጉብታዎች ግራና ቀኝ ታያላችሁ። ባሩ ሁለቱን ከላይ የሚያያይዝ አግዳሚ ነው። የብዙዎቻችን መኪና የፊት እግር ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው። ስያሜውን ያገኘው ንድፉን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ካወጣው አሜሪካዊው መሐንዲስ ከኧርል ማክፈርሰን ነው። በዚህ አሰራር ሾኩ መንገጫገጭን ማብረድ ብቻ አይደለም ስራው፤ ጎማውንም አቁሞ የሚይዘው እሱ ነው። ስለዚህ ኩርባ ላይ ከሚመጣው የጎን ጫና ከፊሉ በሾኩ አልፎ ጉብታው ላይ ያርፋል። የሞተሩ ክፍል ደግሞ ከላይ ክፍት ነው። ክዳኑ የተነሳ የጫማ ሳጥን ጎኑን ሲገፉት እንደሚወላገድ ሁሉ፣ ጉብታዎቹም በጥቂቱ ይላወሳሉ። ባሩ ይህን መላወስ ይቀንሳል። ሞተር ላይ ጉልበት አይጨምርም፤ ይጨምራል ያላችሁ ካለ አትስሙት።

ጋሼ ጋ የሄድኩት የባር ፎቶ በስልኬ ይዤ ነበር። ፎቶውን ላሳያቸው ስል «ቆይ፣ መጀመሪያ መኪናዋን ልያት» አሉ። ኮፈኑን ከፈቱ። ረዳታቸው መሪውን ወዲያና ወዲህ ስታዞር መዳፋቸውን የቀኙ ሾክ ጫፍ ላይ አሳረፉ። ቀጥለው የእኔን እጅ ይዘው እዚያው ላይ አስቀመጡት። መሪው በዞረ ቁጥር ከስር ትንሽ ይያዝና ድንገት ይለቃል። ግራውን ነካሁት፤ ምንም የለውም። የቀኙ ሾክ የላይኛው መቀመጫ ጎሚኒ ተሰንጥቆ ነበር።

«ይሄ ሳይቀየር ባር ብገጥምልህ ብርህን ነው የምበላው» አሉኝ።

ይህን አረፍተ ነገር ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ብር ይዤ፣ ግጠሙልኝ ብዬ በእግሬ የሄድኩ ደንበኛ ነኝ። በዚያው ሰዓት ገጥመው ቢሸኙኝ የሚጠይቃቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ስራውን ለሌላ ቀን አስተላለፉት። በጉብታዎቹ ዙሪያ የተጋገረውን አቧራ በብሩሽ አራግፈው ብየዳውን በባትሪ መብራት አንድ በአንድ አዩ። ስንጥቅ ወይም ዝገት ካለ ባር መግጠም ቀርቶ መኪናዋን ማሽከርከሩም እንደሚያሳስብ ነገሩኝ። ደግነቱ ንጹህ ነበር።

የእኔ ሴሊካ የመጨረሻው፣ ማለትም የሰባተኛው ትውልድ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 ነው የተመረተችው፤ መጨረሻ ላይ የተመረተችው እንኳ ዕድሜ ተጭኗታል። በነዳጅ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለንን ጠብቆ ከማቆየት ሌላ አማራጭ የለንም። ለዚህ ነው እንዲህ ዓይነት መካኒክ ሳገኝ ዝም ማለት የማልችለው።

ጎሚኒዎቹን በግራም በቀኝም ከቀየሩልኝ በኋላ ወደ ምርጫው ገባን። ስልኬ ላይ ከነበሩት አንዱ የሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ባር ነው። ስታዩት ልብ ይወስዳል። ጋሼ ጫፎቹን አጉልተው አሳዩኝ። አግዳሚው ከመቀመጫው ጋር የተያያዘው በአንድ ብሎን፣ እንደ ማጠፊያ ሆኖ ነው። እንዲህ ያለው ባር ሁለቱ ጉብታዎች ሲቀራረቡና ሲራራቁ ይይዛል፤ ሲጣመሙ ግን ማጠፊያው አብሮ ይታጠፋል። መቀመጫው ከአግዳሚው ጋር አንድ ላይ የተበየደው ይሻላል አሉ። ስለ አሉሚኒየሙም ነገሩኝ። ክብደቱ የብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ ግትርነቱም እንደዚያው አንድ ሦስተኛ ገደማ። ስለዚህ የአሉሚኒየም ባር የብረቱን ያህል እንዲይዝ በደንብ መወፈር አለበት። ቀጭን ሆኖ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ለዓይን ነው። በተቻለ መጠን ደግሞ ቀጥ ያለ ይሁን፤ ሞተሩን ለማለፍ ብዙ የተጎበጠ ባር ጫና ሲመጣ ጉብጠቱ ላይ ይለጠጣል።

የኋላ ባርም ልግዛ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። የሴሊካ የኋላ እግር ማክፈርሰን ሳይሆን ደብል ዊሽቦን የሚባለው፣ ጎማውን በላይና በታች ክንዶች የሚይዘው ዓይነት ስለሆነ ጥቅሙ ያንሳል፣ «ብርህን ለጎማ አስቀምጠው» አሉ። እዚህም ላይ መሸጥ ሲችሉ አልሸጡልኝም።

ከዚያ የወደድኩላቸውን ነገር አደረጉ። ካርቶን ቆርጠው ጉብታው ላይ ለጠፉና የሦስቱን ብሎኖች ቦታና የመሃሉን ክብ በእርሳስ አነሱት። በግራም በቀኝም። «መርካቶ ስትሄድ ይሄን ይዘህ ሂድ። ለሁሉም መኪና ይሆናል ካሉህ ካርቶኑን አስቀምጥበት» አሉ። ሶማሌ ተራ ያገለገለ የጃፓን ስሪት የብረት ባር አገኘሁ። ሻጩ ስለ መኪናዋ ሞዴል ብዙ ሲያወራኝ እኔ ካርቶኑን መቀመጫው ላይ አስቀመጥኩ። ቀዳዳዎቹ ልክክ አሉ። መኪና ይዞ አዲስ አበባ ድረስ ሳይሄዱ ዕቃ ለመግዛት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

ሲገጥሙ ክሪክ አላስገቡም። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ በአራቱም ጎማዎቿ ቆማ ነው የተሰራው። ዳዶዎቹ ሲፈቱ ሾኩን በቦታው ይዞ የሚያቆየው የመኪናዋ የራሷ ክብደት ነው። ተንጠልጥላ ቢሆን የሾኩ ጫፍ ይላቀቃል፤ ባሩም የሚታሰረው ትክክለኛ ባልሆነ ልክ ይሆናል። መቀመጫዎቹን አስገብተው ዳዶዎቹን ሁሉ መጀመሪያ በእጅ ብቻ አዞሩ። ባሩ በግድ ተገፍቶም ተስቦም እንዳይገባ ነው፤ ያለ ጭንቀት ተኝቶ መቀመጥ አለበት። አንዱ ብሎን ላይ የመቀመጫው ውፍረት ጥርሱን እንዳይበላባቸው ጎንበስ ብለው አዩ። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጥርስ ከላይ ተርፎ ካልታየ አይታመንም። በመጨረሻ ለመኪናዋ በተጻፈው ልክ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች አጠበቁ። በጉልበት አይደለም፤ እነዚህ ብሎኖች ቀጫጭን ናቸው፣ በጉልበት ያጠበቀ ይቆርጣቸዋል።

ኮፈኑ ይዘጋል ወይ የሚለውን ያረጋገጡበትን መንገድ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም። ረዳታቸው ከጎን ካለችው ቁርስ ቤት ጠንከር ያለ ሊጥ ይዛ መጣች። በስስ ፌስታል ጠቅልላ ባሩ ላይ ሦስት ቦታ አስቀመጠችው። ጋሼ ኮፈኑን ቀስ አድርገው ዘጉና መልሰው ከፈቱ። ሊጡ ተጨፍልቆ የቀረው ውፍረት በባሩና በኮፈኑ መሃል ያለው ክፍተት ነው። ልጅቷ በካሊፐር እየለካች ጻፈችው። ቀጥላ ሞተሩን አስነስታ፣ ፍሬን ረግጣ፣ ማርሽ አስገባች። ጋሼ ቆመው ሞተሩ በጎሚኒዎቹ ላይ ምን ያህል እንደሚነሳ ተመለከቱ። ሞተር ጋዝ ሲሰጠው ይወራጫል፤ ቆሞ የማይነካ ባር ያኔ ሊነካ ይችላል። ልጅቷ ከፖሊ ቴክኒክ ከወጣች ገና ብዙ አልቆየችም። እጇ ግን የተረጋጋ ነው፤ ጋሼም እያንዳንዱን ነገር ለምን እንደሚሰሩ እየነገሩ ነው የሚያሰሯት። እሷንም ከልብ አመሰግናለሁ።

ሾኩ ከላይ ተፈትቶ ስለታሰረ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘንበል) አስለክቼ እንድመለስ ላኩኝ። ወረቀቱን አይተው ነው መኪናዋን ያስረከቡኝ። ትንሽ ከነዳሁ በኋላም ዳዶዎቹን መልሰው ፈትሸውልኛል፤ ለዚህ አልከፈልኩም።

ለውጡን እንዳለ ልንገራችሁ። ኮብልስቶን ላይ የነበረው መንቋቋት ጠፍቷል፤ ያጠፋው ግን ጎሚኒው እንጂ ባሩ አይደለም። ፍጥነት መንገዱ ላይ፣ ቀጥ ብላችሁ ወደ አዲስ አበባ ስትነዱ፣ ባር ያለውና የሌለው መኪና ልዩነቱ አይታወቅም። የተሰማኝ በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ ላይ ነው። ኩርባ ውስጥ መሪውን ስጠመዝዝ አፍንጫዋ ወዲያው ትከተለኛለች። ቀድሞ መሪውን ካዞርኩ በኋላ መሃል ላይ ትንሽ አስተካክል ነበር፤ አሁን ያ ማስተካከል ቀንሷል። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጋሼ ሳልጠይቃቸው የነገሩኝ ሌላ ነገር አለ። ባሩ ሁለቱን ጎኖች ስላስተሳሰረ፣ እግዚአብሔር አያምጣውና ከጎን በኩል ግጭት ቢደርስ የአንዱ ጎን ምት ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላል። ይህን የነገሩኝ ከመክፈሌ በፊት ነው። አስቤበት እንድወስን ተዉኝ እንጂ እንድገፋበት አላባበሉኝም።

ሌላ ቦታ፣ ስሙ ይቅርና፣ በውሃ ቧንቧ ላይ ላሜራ በይደን በአንድ ሰዓት እንሰራልሃለን ብለውኝ ነበር። ልኬት የጠየቀኝ አልነበረም። እባካችሁ መሪና እግር ላይ እንዲህ ያለ ስራ አታሰሩ።

የእጅ ዋጋቸውን ከመጀመራቸው በፊት ነው የነገሩኝ፤ ሲጨርሱም ያችው ናት። የተቀየሩትን አሮጌ ጎሚኒዎች በፌስታል አድርገው ሰጥተውኛል። እሁድ አይሰሩም። ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪና ስለሚበዛባቸው ጠዋት ብትሄዱ ጥሩ ነው። ስልካቸውን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለነገሩኝ፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። የሰባተኛው ትውልድ ሴሊካ ያላችሁ ደግሞ የካርቶኑ ልክ እኔ ጋ አለ፤ መጥታችሁ ውሰዱ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።