ባለ ፋን የላፕቶፕ ማቀዝቀዣ፦ የሚጠቅመው ለየትኛው ላፕቶፕ ነው?

እዚህ የምገመግመው ምርት በተለምዶ «ኩሊንግ ፓድ» የሚባለው፣ ላፕቶፑ ከላይ የሚቀመጥበት፣ እንደ ወንፊት ከተበሳሳ የብረት ገጽ ሥር ሁለት ፋኖች ያሉት፣ ኃይሉንም በዩኤስቢ ገመድ ከራሱ ከላፕቶፑ የሚያገኘው ዓይነት ነው። በማሸጊያው ላይ ላፕቶፑን እንደሚያቀዘቅዝ፣ እንደሚያፈጥንና ዕድሜውን እንደሚያረዝም ተጽፏል። የመጀመሪያው በከፊል እውነት ነው። ሁለተኛው የሚሠራው በሙቀት ምክንያት ፍጥነቱ ሲቀንስ ለቆየ ላፕቶፕ ብቻ ሲሆን፣ ሦስተኛው ግን ከዚህ ዕቃ ይልቅ በባለቤቱ አያያዝ ላይ የተመሠረተ ነው።

ምርቱ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ለመለየት የላፕቶፑን የማቀዝቀዣ ሥርዓት ማወቅ ይጠቅማል። ፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ቺፑ የሚያመነጩት ሙቀት ቴርማል ፔስት በሚባለው፣ በቺፖቹ ላይ በሚቀባ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት በኩል ወደ መዳብ ቱቦዎች ይተላለፋል፤ ቱቦዎቹ ሙቀቱን ጠርዝ ላይ ወደተደረደሩ ስስ የብረት ክንፎች ያደርሱታል፤ የውስጡ ፋን ደግሞ በአብዛኛው ከሥር አየር ስቦ በክንፎቹ መካከል በማሳለፍ ሙቀቱን በጎን ወይም በኋላ በኩል ያስወጣዋል። ኩሊንግ ፓድ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያግዘው የአየሩን አገባብ ብቻ ነው። አየሩን አያቀዘቅዝም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለውን አየር እንዳለ ይገፋል። ስለዚህ የክፍሉ ሙቀት ብዙ አምራቾች ለላፕቶፕ ሥራ እንደ ወሰን ከሚያስቀምጡት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ፣ ከፋኖቹ ብዙ መጠበቅ አይቻልም። አቅማቸውም ውሱን ነው፤ የዩኤስቢ 2.0 መስፈርት ለአንድ መሣሪያ የሚፈቅደው በ5 ቮልት ግማሽ አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ሲሆን፣ ከዚህም ላይ ጠርዙን የሚያስጌጡት ሰማያዊ መብራቶች ድርሻቸውን ይወስዳሉ። መብራቶቹ ለማቀዝቀዝ የሚያበረክቱት አንዳች ነገር የለም።

በአጠቃቀም ረገድ፣ ኢንተርኔት ለመቃኘትና ጽሑፍ ለመጻፍ በሚውል ላፕቶፕ ላይ ፓዱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየኝም፤ ፕሮሰሰሩ ቀድሞውኑ ስለማይጨነቅ የሚያግዘው ነገር የለም። ልዩነቱ የሚታየው ቪዲዮ ሲቀናበር ወይም ከባድ ጌም ሲሠራ ነው። ብዙዎቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸው ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሳቸውን ከጉዳት ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ፓዱ ያን ሙቀት በጥቂት ዲግሪዎች ዝቅ በማድረጉ ፍጥነቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይጸናል። ይሁን እንጂ ፋኖቹን አጥፍቼ ላፕቶፑን እዚያው ሰሌዳ ላይ እንደተቀመጠ ስተወው፣ ከተገኘው ለውጥ አብዛኛው እንዳለ ቆየ። ይህ ማለት ዋናውን ሥራ የሚሠራው ፋኑ ሳይሆን የሰሌዳው ከፍታ ነው፤ ላፕቶፑ ከጠረጴዛው ከፍ ሲል የታችኛው ቀዳዳ በቂ አየር ያገኛል። ለዚህ ብቻ ከሆነ ፋን የሌለው ተራ መቆሚያ፣ ወይም ቀዳዳዎቹን ሳይሸፍን ከኋላ ጠርዝ ሥር የሚገባ አንድ መጽሐፍ ይበቃል።

ስለዚህ ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ላፕቶፑን ገልብጦ ሆዱን ሊመለከት ይገባል። የአየር ማስገቢያዎቹ ከሥር ካሉና ከፓዱ ፋኖች ትይዩ ከሆኑ ዕቃው ይረዳል፤ ፋኖቹ የሚነፍሱት ድፍን ፕላስቲክ ላይ ከሆነ ግን ትርፉ ድምፅ ብቻ ነው። ፋን የሌላቸው ላፕቶፖችም አሉ፤ ለምሳሌ ማክቡክ ኤር እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከወጣው ባለ ኤም1 ቺፕ ሞዴል ጀምሮ የውስጥ ፋን የለውም፤ በሆዱም ላይ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ስለሌለው ፓዱ የሚያገኘው የውጭ ሽፋኑን ብቻ ነው። የፋኑን አቅጣጫ ማጣራትም አይከፋም፤ ቁራጭ ወረቀት አስጠግቶ አየሩ ወደ ላይ እንደሚነፍስ ማየት ይቻላል። ወደ ታች የሚስብ ከሆነ ከላፕቶፑ የውስጥ ፋን ጋር ይጎተታል።

ለዚህ ዕቃ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሊደረጉ የሚገባቸው ነገሮች አሉ፤ በእኔ ግምት ውጤታቸው ከፓዱ ይበልጣል። ላፕቶፕን አልጋ፣ ብርድ ልብስ ወይም ሶፋ ላይ አስቀምጦ መሥራት ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን ቅድሚያ መቅረት ያለበት እርሱ ነው። ቀጥሎ አቧራ ይመጣል። በክንፎቹ መካከል የተጋገረ አቧራ አየሩን ስለሚያግድ፣ ከሥር የቱንም ያህል ቢነፍስ መውጫ አያገኝም፤ እንዲያውም ማጣሪያ የሌለው ፓድ ተጨማሪ አቧራ ወደ ውስጥ ይልካል። ሲጸዳ ላፕቶፑ ጠፍቶና ከቻርጀሩ ተነቅሎ፣ የውስጡ ፋን እንዳይሽከረከር ተይዞ፣ የታመቀ አየር በአጭር በአጭሩ መንፋት ነው። ዓመታት ባስቆጠረ ላፕቶፕ ላይ የደረቀ ቴርማል ፔስት መቀየርም ብዙ ለውጥ ያመጣል፤ ላፕቶፕ ፈትቶ ለማያውቅ ሰው ግን ሥራው የባለሙያ ነው። በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ዝቅ ማድረግ በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ ቱርቦ የሚባለውን ተጨማሪ ፍጥነት ያጠፋል። ምርጫው የማይታይባቸው ላፕቶፖች ቢኖሩም፣ ከባድ ሥራ ለማይሠራ ሰው የሙቀቱ መቀነስ ከፍጥነቱ መቀነስ ይልቅ ጎልቶ ይሰማል፤ ወጪም የለበትም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። የገመዱ ማጠር አንድ የዩኤስቢ ወደብ ከመያዙ ጋር ተደምሮ ያስቸግራል፤ ጸጥታ በሰፈነበት ክፍል ውስጥም የፋኖቹ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። ሙቀት የሊቲየም ባትሪን ስለሚያስረጅ ፓዱ በዚህ በኩል መጠነኛ እገዛ ሊኖረው ይችላል፤ ሆኖም የላፕቶፑ ሆድ ከተነፋ ወይም በጣት የሚነካው ታችፓድ ወደ ላይ ከተገፋ ችግሩ ያበጠ ባትሪ ሊሆን ስለሚችል፣ ማቀዝቀዣ መፈለግ ሳይሆን ላፕቶፑን ወዲያውኑ አጥፍቶ ባትሪውን በባለሙያ ማስቀየር ይገባል።

ከባድ ሥራ ለሚሠራና ላፕቶፑ ከሥር ለሚተነፍስ ሰው፣ ከዚህኛው ይልቅ ዙሪያውን በስፖንጅ የታሸገውንና የራሱ ቻርጀር ያለውን ዓይነት እመርጥለታለሁ። ስፖንጁ አየሩ በጎን እንዳያመልጥ አግዶ በቀጥታ ወደ ቀዳዳዎቹ ስለሚያስገባው የሚቀንሰው ሙቀት ከፍ ያለ ነው፤ ብዙዎቹም የአቧራ ማጣሪያ አላቸው። ጫጫታው ግን ከዚህኛው ስለሚብስ፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ለሚሠራ ሰው ካልሆነ በቀር አይመችም።