የማርያም መቀነትና «ብትሰማ»

ነሐሴ ላይ በመንዝ የገብስ ማሳ ላይ የማርያም መቀነት ሲዘረጋ እናቴ ሥራዋን ትታ ታማትባለች። ለኖኅ የተሰጠው ቃል ኪዳን ነው፤ ዘፍጥረት 9። ምድር ዳግም በጥፋት ውኃ አትጠፋም። ለደጉም ለክፉውም፣ ያለ ምንም «ብትታዘዝ»።

ዘዳግም 28 ግን «ብትሰማ» ብሎ ነው የሚጀምረው። በረከቱ እስከ ቁጥር 14 ነው። ከ15 እስከ 68 ድረስ ባይሰሙ የሚመጣው ይዘረዘራል። እኛ ግን ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «ጎተራዬ ይባረካል» እንላለን፤ የአጫጁን ሂሳብ ደግሞ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያልን እናቆያለን። ይሄ በጣም ያመኛል። እዚያው ዘዳግም 24 ላይ የሠራተኛውን ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ ስጠው ተብሏል እኮ!

መቀነቱን ቆሜ ባየው ይበቃል። ለ«ብትሰማ» ግን ኅዳር ላይ፣ አጫጁ ማጭዱን ይዞ ደጄ ሲቆም፣ እጄ ኪሴ መግባት አለበት።