አራት ሆነን ሄደን፣ አራት የተለያየ ነገር ፈልገን

ባለፈው ቅዳሜ ከእናቴ፣ ከስድስት ዓመት ልጄና ከእህቴ ልጅ ጋር አንድ የእንስሳት ማቆያ ሄደን ነበር። በሩ ላይ የሚያምር ካርታ ሰጡን። ስንት ዓይነት እንስሳ እንዳላቸው በትልቁ ተጽፏል። የትኛው በስንት ሰዓት እንደሚበላ ግን አንድም መስመር የለም።

የዚህ ጉዳቱ የገባኝ አንበሳው ጋ ስንደርስ ነው። እኩለ ቀን ነበር። ጥላ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶን ተኝቷል። ልጄ ጠበቀች፣ ጠበቀችና "እማ፣ ሞቷል እንዴ?" አለችኝ። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ያርፋል። የሚነቃቃው ሲመሻሽና በሌሊት ነው። ሰሌዳው ግን ክብደቱንና ሳይንሳዊ ስሙን ብቻ ነው የሚናገረው። አጠገባችን የቆመ አባት መስታወቱን በመዳፉ ይደበድብ ጀመር። ክፉ ሰው አልመሰለኝም። ለልጁ አንበሳ ሊያሳይ መጥቶ ያሳየው ጀርባ ሆነበት። "አሁን እረፍት ላይ ነው፤ ሲበላ ለማየት በ10 ሰዓት ተመለሱ" የሚል አንድ ወረቀት ቢለጠፍ ኖሮ መስታወቱን አይነካም ነበር።

ቺምፓንዚዎቹ ጋ ግን ሌላ ዓለም ነው። ከሲሚንቶ የተሠራ ኩይሳ አቁመውላቸዋል፤ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ማር አለ። አንዷ ቅርንጫፍ ሰበረች፣ ቅጠሉን አራገፈች፣ እንጨቱን ሰደደችና ማሩን ላሰች። ልጄ ተንከባካቢውን "ጋሼ፣ እንጨቱን ማን ሰጣት?" አለችው። "ማንም አልሰጣት የኔ ቆንጆ፤ ራሷ ናት ያዘጋጀችው" አላት። በዱርም ምስጥ የሚያወጡት በዚሁ ዘዴ ነው፤ የቺምፓንዚ ተመራማሪዋ ጄን ጉዶል እ.ኤ.አ. በ1960 በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ጎምቤ ውስጥ ያየችውም ይህንኑ ነው። ከዚያ ቦታ ልጄን ለማንሳት 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። ሥራ ላይ ያለ እንስሳና ጥያቄ የሚመልስ ሰው፣ እሷ የፈለገችው ይህን ነበር።

ጆን ፎልክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ሙዚየምና የእንስሳት ማቆያ የሚጎበኙ ሰዎችን እንደ መምጫ ምክንያታቸው በ5 ይከፍላቸዋል፦ ለማወቅ የጓጓ፣ ለሌላ ሰው ሲል የመጣ፣ "እዚያማ ሄጃለሁ" ለማለት የሚመጣ፣ ሙያው ወይም ፍቅሩ የሳበው፣ አእምሮውን ሊያሳርፍ የመጣ። እኛ ቤት አራቱ ተገኝተዋል። ልጄ ጓጉታ፣ እኔ ለእነሱ ስል፣ የእህቴ ልጅ ለፎቶ (መስታወቱ ሁሉ የጣት አሻራ ስለነበረ ተናዶ ነው የተመለሰው)፣ እማዬ ደግሞ ለማረፍ።

እማዬ ቀጭኔዎቹ ጋ አግዳሚ ወንበር አገኘች። በዚያ ሰፊ ግቢ ጥላ ያለው ወንበር ያየሁት ያንን ብቻ ነው። በእኛና በቀጭኔዎቹ መካከል ቦይ እንጂ ብረት የለም። ጀርመናዊው ካርል ሃገንቤክ እ.ኤ.አ. በ1907 ሃምቡርግ ላይ የከፈተው ማቆያ ነው ይህን አሠራር ያስለመደው። ያ ጥቁር ረጅም ምላስ ቅጠሉን ሲጠመልል እያየች አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። "ልቤ አረፈ" አለችኝ። ከእሷ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ያላማረኝን ልናገር። ነብሩ በአጥሩ ዳር አንዷን መስመር ይዞ ይመላለሳል። መሬቱ መንገድ እስኪሆን ተፍቋል። መውጫ ዛፍ፣ መደበቂያ ጉድጓድ የለውም። ልጄን በእጇ ይዤ ቶሎ አለፍኩ። እዚያ የቆመ ሁሉ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው፤ ቅሬታ የሚጽፍ የለም። ግን ማንም ሰው የሚሰቃይ እንስሳ ሊያይ አይመጣም።

መውጫው ላይ አስተያየት የሚሰጥበት ስክሪን አለ። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነበር ወይ? የትኬት ቆራጮቹ መስተንግዶ እንዴት ነበር? ሁለቱም ጥሩ ነበሩ፣ ሞላሁ። ምን ልታዩ መጣችሁ የሚል ጥያቄ አልነበረም። አጠገቡ ለቆመችው ሠራተኛ የሰዓቱን፣ የወንበሩንና የነብሩን ነገር ነገርኳት። ወረቀት አውጥታ ጻፈችልኝ፤ በዚህ አመሰግናታለሁ።

ከ5 ኮከብ 3 እሰጣለሁ፤ ሁለቱ የቺምፓንዚዎቹና የዚያ ተንከባካቢ ናቸው። ከሄዳችሁ ጠዋት በር ሲከፈት ግቡ፣ ቺምፓንዚዎቹን አስቀድሙ። አንበሳውን ለመጨረሻ አቆዩት።